ሦስት ጊዜ ለምኗት

ኤኒስ፣ አየርላንድ
ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናዝራዊት፣

እንዴት ነሽልኝ? ሥራው፣ ቤቱ፣ ወገብሽስ? እኔ እመቤቴ ትመስገን በደህና ገብቻለሁ። «በስልክ ደህና ነኝ ብለሽ ትዘጊብኛለሽ፤ ጽፈሽ ላኪልኝ» ስላልሽ ይኸው ሚስ ኖራ የከሰዓት እንቅልፏን ስትተኛ ፊደሉን ከታብሌቱ ላይ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው። ከተሳሳትኩ አትሳቂብኝ።

አዎ፣ ጃኬቱን ለብሻለሁ። አይ፣ አውሮፕላን ላይ እግሬ አላበጠም። አዎ፣ ኪኒኔን ከሻንጣ አውጥቼ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ዝናቡ እንደኛ ነሐሴ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ በጋ ይሉታል።

ሚስ ኖራን ብታያት አታውቂያትም። አራት ዓመት ሙሉ እኛው አጠገብ ሴንትራል ፓርክ ሰፈር ቤቷ እየተመላለስኩ ሳጥባትና ሳበላት አንድ ቀን እንዲህ ስትስቅ አላየሁም። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የአያቷን መንደር ሳላይ አልሞትም ብላ ልጇን ስትነዘንዘው ከርማ ይኸው መጣን። መንደሩ ቤልሙሌት የሚባል የባሕር ዳር ነው፤ መጨረሻ ላይ ነው የምንደርሰው። እስከዚያ ሾፌሩ በየትንንሹ ከተማ እያሳደረ ያዞረናል።

ምን በላሽ ላልሽኝ፣ እዚህ አገር ምግብ ሞልቷል። ትናንት ሚስ ኖራ የበግ ሥጋ በድንች በላች፤ ዛሬ ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ዳቦ በቅቤ፣ ቲማቲም፤ ምሳ ደግሞ ሾርባ፣ አንድ ጎድጓዳ ሙሉ። ስኳሯን ለካሁላት፤ ደህና ነው። ቁርስ ከአልጋው ጋር በነጻ ነው፤ ምሳና እራት ግን ውድ ነው። በእሷ ሒሳብ ልብላ አልልም፤ ያመጣችኝ ልሠራ ነው።

በይ ተነሳች፤ ትጠራኛለች። «ሰኒ» ነው የምትለኝ፤ ፀሐይነሽ ማለት ከአራት ዓመት በኋላም አልሆነላትም።

እናትሽ

*

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

በደህና መግባትሽን ሳነብ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ቀጥሎ ግን ተናደድኩ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ዛሬ ትንሽ እቆጣለሁ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሚስ ኖራ ምን እንደበላች፣ ስንት እንቁላል፣ በምን ዳቦ፣ ሁሉንም ነገርሽኝ። የሚስ ኖራን ስኳር ነገርሽኝ። እኔ የጠየቅኩሽ ስለ ፀሐይነሽ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ አንቺ ለራስሽ ጭራሽ አልቆረስሽም።

እኔ ልንገርሽ የሆነውን? ቁርሱ በነጻ ነው፣ አንቺ ግን በጠዋት አትቀምሺም፤ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾሚው። ለሚስ ኖራ ጾመኛ ነኝ አላልሻትም፤ «ሆዴ ጠዋት አይቀበልም» ብለሻታል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ የትንንሽ ከተማ ወጥ ቤት ይዘጋል። ኢንተርኔት ላይ ሰው የጻፈው ሪቪው ሁሉ የሚለው እሱን ነው፤ ስምንት ተኩል፣ ዘጠኝ ላይ ዘግተው ማታ ይከፍታሉ። ማታ የሚከፍተው ደግሞ ውዱ ነው። ሾርባው ክሬም አለው፣ ቡናማው ዳቦ በአሬራ ነው የሚቦካው፣ ድንቹ በቅቤ ነው የሚፈጨው። ስለዚህ አንቺ ሻይ ጠጥተሽ፣ ኪኒንሽን በባዶ ሆድ ውጠሽ፣ «ደህና ነኝ» ትያለሽ። ተሳሳትኩ?

ደግሞ ሌላ የምፈራው አለ። የመጀመሪያውን ሳምንት ታስታውሺያለሽ? ሚስ ኖራ «ሳንድዊች ልሥራልሽ?» አለችሽ። «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልሻት። እስክትደግም ስትጠብቂ ዳቦውን ፍሪጅ መለሰችው። አምስት ቀን ሙሉ እንደዚያ ሆናችሁ፤ አንቺ ማታ እዚህ ቻምበርስ ሮድ ቤታችን ገብተሽ ከድስቱ ቆመሽ ትበዪ ነበር። ፈረንጅ እምቢ ሲሉት የሚተወው አክብሮ ነው እማዬ። አንቺ ደግሞ በአንዴ እሺ ማለት ነውር ነው ብለሽ ነው ያደግሽው። በሁለታችሁ ደግነት መሃል በረሃብ የምትሞቺው አንቺ ነሽ።

ንስሐ አባትሽን አባ ሀይለማርያምን አናግሬያቸዋለሁ። «ስኳር ላለበት ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይብላ፣ ከጥሉላት መከልከሉ ይበቃል፤ ለእሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ» አሉኝ። ነግረውሽ ነበር ማለት ነው። ለምን አልነገርሽኝም?

ሰኞ ሊስቶዌል ናችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ የከብት ገበያ አለ፤ ውስጡ ገበሬዎቹ የሚበሉበት ምግብ ቤት አለ። ርካሽ ነው፣ የተቀቀለ ድንችና ጎመን አለው። ሾፌሩን እዚያ ውሰደን በይው። የስኳርሽን ቁጥር ጻፊልኝ። ቁጥር ነው ያልኩት።

ናዚ

*

ሊስቶዌል
ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቁጡዋ ልጄ፣

ተቆጥተሽ እንኳ እጅሽ ይባረክ። ያልሽው ቦታ ሄድን። ሚስ ኖራ «ላም ገበያ ውስጥ ነው ምሳ የምታበሉኝ?» ብላ ስትስቅ ሾፌሩም ደስ አለው፤ እሱ ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር እዚያ ይበላ ነበር አለ።

ናዚዬ፣ እንዴት ያለ ቦታ መሰለሽ! ገበሬው ሁሉ ጭቃ ቦቲውን እንዳደረገ ተሰልፎ ትሪ ይዟል። ጮክ ብለው ያወራሉ፣ ስለ ዋጋ ይከራከራሉ፣ አንዱ ሌላውን በክርኑ ይጎሽመዋል። መርካቶ የገባሁ መሰለኝ። ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፤ ወንበር እያነሱ ነበር። አለቀልኝ አልኩ። ሴትዮዋ ግን ምድጃዋን አላጠፋችም።

መጥታ «ትበያለሽ?» አለችኝ። «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኳት፤ አፌ ለምዶ ነው። ሄዳ ተመለሰች። «ትንሽ ቅመሺ እንጂ፣ ድንች ብቻ ነው» አለችኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይቅርብኝ» አልኳት። ሦስተኛ መጣች፤ ሳህኑን ይዛ ነው የመጣችው! «ካልበላሽ እኔም አልቀመጥም» አለችኝ። ይኼ በሞቴ ማለት አይደለም ወይ? ድንቹ ከነልጣጩ ነው፣ ሙክክ ያለ፤ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት። ቅቤ እንደሌለው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ማለችልኝ። እኔ ስለ ቅቤ ገና አልጠየቅኳትም ነበር።

ልቤ ሞላ። አሜሪካ ስንኖር ለምኖ የሚያበላኝ ፈረንጅ አላጋጠመኝም፤ እዚህ ከላም መሃል ተገኘ። ለሚስ ኖራ «የአገርሽ ሰው ሰው ያውቃል» ስላት እንባ አቀረረች።

ስኳሬን ላልሽኝ፣ ደህና ነው። የአባን ነገር ላልሽኝ ደግሞ፣ አዎ ነግረውኛል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ሁሉም ሰው የራሱ የሆድ ነገር አለው ልጄ፤ እሱን ተይው።

እናትሽ

*

አውሮራ
ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

እንኳን በላሽ! ደብዳቤሽን ሥራ ላይ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ። ቦታውን እንዴት አገኘሽው ብትዪኝ፣ ሪቪው ላይ ነው፤ ሌላ ምን አለ። የአገሩ ሰው ደግ ነው ማለት ነው። ሌላም ቦታ ሳይለምኑሽ የሚቀሩ አይመስለኝም።

«ደህና» ግን ቁጥር አይደለም። አንቺ የሚስ ኖራን ስኳር በደብተር ስትመዘግቢ የኖርሽ ሰው ነሽ፤ «ደህና» ብለሽ ለልጇ ብትልኪ ይቀበልሽ ነበር?

እዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ልክ ሥራ የምገባበት ሰዓት። ስልኩን አንስቼ «ክሊኒክ፣ ምን ልርዳዎት?» እላለሁ፤ ልቤ ግን አንቺ ጋ ነው፤ አሁን ቀመሰች፣ አሁን አልቀመሰችም እያልኩ። ትናንት አንዱን በሽተኛ ሁለት ጊዜ «በልተዋል?» ብዬ ጠየቅኩት፤ የደወለው ለዓይን ቀጠሮ ነው።

ዲንግል የምታድሩበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቷ ራሷ ታበስላለች፤ ሽንኩርትና ባቄላ በድንች ትሠራለች፣ ዋጋውም ደህና ነው። ዓሣው ታዋቂ ነው ይላሉ፤ እንደማትነኪው አውቃለሁ።

እባክሽ እማዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ለምን እስከ ዘጠኝ? አባ ፈቅደውልሽ፣ ሐኪሙ ከልክሎሽ፣ ለምን?

ናዚ

*

ዲንግል
ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣

«ወደቅሽ ወይ?» ብለሽ በስልክ የላክሽልኝን አየሁ፤ ማን ነገረሽ? ገባኝ፤ ሚስ ኖራ ለልጇ፣ ልጇ ላንቺ። ይቺ ሴትዮ አራት ዓመት ሙሉ ኪኒኗን መዋጧን ትረሳለች፤ የእኔን ነገር ግን አትረሳም።

መውደቅ አይባልም። የድንጋይ አጥር ላይ ቁጭ አልኩ፤ ስቀመጥ ትንሽ ፈጠንኩ እንጂ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነበር፣ ነፋስ ነበር። ቁጥሩን ካልነገርሽኝ አልተኛም ስላልሽ፣ ስልሳ ምናምን ነበር። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ በላሁ፣ ወጣ። አለቀ። ይቅርታ ሳልጽፍልሽ መቅረቴ፤ የሩቅ ሰው ላይ ጭንቀት መላክ ምን ይጠቅማል ብዬ ነው።

አሁን ደስ የሚል ልንገርሽ። የዚህ ቤት ባለቤት ሰባ የሞላት ሴት ናት። እሷም ሦስት ጊዜ ለመነችኝ! እንደ ሊስቶዌሏ። ሦስተኛው ላይ «ዛሬ እኮ የእመቤታችን ዕርገት በዓል ነው፤ ጾሙ አልቋል፣ ብዪ!» አለችኝ። የእናንተ ነው እንጂ የእኛ ገና ሰባት ቀን ይቀረዋል ብላት «ምን ዓይነት ዕድል ነው!» ብላ ሳቀች። አያቷ በዐቢይ ጾም ወተት የሌለው ሻይና ደረቅ ዳቦ ብቻ ይቀምሱ ነበር አለችኝ፤ ጥቁር ጾም ይሉታል። «ሴት አያቴን መሰልሽኝ» ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ። እኔ እኮ ከዚህ ሴትዮ ጋር አንድ ወንዝ ማዶ ለማዶ ያደግን መሰለኝ።

ሰው አገር ሄጄ ሰው አገኘሁ ናዚዬ። አታበላሺብኝ፤ አትጨነቂ።

ለምን እስከ ዘጠኝ ላልሽኝ፣ አንዳንድ ነገር በደብዳቤ አይጻፍም።

እናትሽ

*

አውሮራ
ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ስልሳ ምናምን። «ስቀመጥ ፈጠንኩ።» በሌላ ሰው ላይ ይኼን ብትሰሚ አምቡላንስ ትጠሪ ነበር።

ከዚህ በላይ ልደብቅሽ አልችልም። ሴትዮዋ ከራሷ አስባ ሦስት ጊዜ የለመነችሽ እንዳይመስልሽ። ሁለቱም። እኔ ነኝ የደወልኩት። ጠዋት ጠዋት ሴንትራል ፓርክ ባቡር ጣቢያ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ ባቡሩ እስኪመጣ አየርላንድ እደውላለሁ። ቀጠሮ መያዝ ሥራዬ አይደል? «እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ እስክትመጣ እባካችሁ አትዝጉ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትበላም። አልበላም ትላችኋለች፤ አትመኗት። ሦስት ጊዜ ለምኗት» እላቸዋለሁ። የሊስቶዌሏ «ሦስት? አራት እለምናታለሁ!» አለችኝ። የዲንግሏ ወረቀት ላይ ጻፈችው። ይኸውልሽ የአገሩ ደግነት።

ደስታሽን እንደቀማሁሽ አውቃለሁ። ግን ደስ ብሎሽ ከምትወድቂ ተናደሽብኝ ብትቆሚ ይሻለኛል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ነገ እሑድ ነው፤ ሁለቱን ቀን እንደ ደንቡ ከጠዋት ትቀምሻለሽ። የምፈራው ሰኞን ነው። ሰኞ ክሊፍደን ናችሁ። ስድስት ቦታ ደወልኩ፤ አንዱ አያነሳም፣ አንዱ ምሳ የለንም አለ፣ አንዱ ጋ ያለው መልእክት መቀበያ ብቻ ነው። ክሊፍደን ውስጥ አንቺን የሚለምን ሰው አላገኘሁልሽም። ለአንድ ቀን ብቻ፣ እባክሽ፣ ሲሉሽ በመጀመሪያው እሺ በይ። አንድ ቃል ናት። እሺ።

ይቅርታ አድርጊልኝ።

ናዚ

*

አውሮራ
ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ሦስት ቀን ሙሉ አልጻፍሽም። ተቆጥተሽብኝ ከሆነ ልክ ነሽ፤ ተቆጪ፣ ግን ጽፈሽ ተቆጪ። ስልክሽ አይሠራም። የሚስ ኖራም አይሠራም። ልጇ «እናቴ ስትዞር ስልክ ትዘጋለች» ብሎ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ትናንት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እዚያ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው፣ የክሊኒኩን ስልክ አንስቼ ድምፅ አልወጣልህ አለኝ። ሴትየዋ «ሄሎ? ሄሎ?» ብላ ዘጋችው።

አንድ መስመር ብቻ። ድምፅሽን ባልሰማ ፊደልሽን ልይ።

ናዚ

*

ክሊፍደን
ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለናዝራዊት፣

በመጀመሪያ፣ ደህና ነኝ። ይኼ ያ የስልኩ «ደህና ነኝ» አይደለም፤ ሐኪም ያለው ነው። ቁጥሩ መቶ አስራ ስምንት ነው፤ አሁን፣ እየጻፍኩ ነው የለካሁት።

ሰኞ እንደፈራሽው ሆነ። አንድ ቤት ገባን። ልጅቷ «ምን ልስጥሽ?» አለችኝ። ሰዓቱ ገና ሰባት ተኩል ነበር፣ «ምንም፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። ሄደች፤ አልተመለሰችም። ጥፋት የለባትም፤ አክብራኝ ነው፣ አንቺ እንዳልሽው። ከዚያ ወደ ባሕሩ ስንወርድ መንገዱን አስታውሳለሁ፣ ሌላውን አላስታውስም። ዓይኔን ስገልጥ ጭንቅላቴ ሚስ ኖራ ጭን ላይ ነው። ሾፌሩ ሐኪም ሊጠራ ሮጧል። ሚስ ኖራ፣ ያቺ ካልደገፏት የማትቆም፣ መሬት ተቀምጣ ከቁርሱ ቦርሳዋ ውስጥ የወሸቀችውን ማርማላታ በጣቷ አፌ ውስጥ ታደርጋለች። «ሰኒ፣ ዋጪ፣ ሰኒ» ትለኛለች። ከማልቀሷ የተነሳ መነጽሯ ጭጋግ ለብሷል። አራት ዓመት ያበላኋት ሴት አበላችኝ። ያኔ እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም።

ሁለት ቀን ሐኪም ቤት አስተኙኝ። የቤተሰብ ስልክ ስጪን ሲሉኝ አልሰጠሁም። ይኼን ይቅር በይኝ፤ አንቺ እዚያ ሆነሽ ምን ታደርጊ ብዬ ነው። አንቺ ግን ያኔ ድምፅሽ ጠፍቶ ነበር አይደል። ተሳስቻለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የደበቅኩትን ልንገርሽ። በ2015 ሐምሌ ትርፍ አንጀትሽ ፈንድቶ የወሰዱሽ ዕለት፣ ሐኪሙ ወጥቶ «ዘግይታችሁ ነው ያመጣችኋት» አለኝ። በሩ ተዘጋ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ፣ ልጄን ብትሰጪኝ ሰባት ፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾምልሻለሁ ብዬ ለእመቤቴ ተሳልኩ። ሰጠችኝ። ይኼ ሦስተኛው ነው። ለአባም አልነገርኩም፤ ያቀሉብኛል ብዬ ፈራሁ። በአንቺ የተሳልኩትን ማቅለል አንቺን ማቅለል መሰለኝ። አየሽ፣ ለዚህ ነው በደብዳቤ አይጻፍም ያልኩሽ።

ደግሞ ሌላ። ደስታሽን ቀማሁሽ ብለሽ ነበር። አልቀማሽኝም። የሊስቶዌሏ ሴት ሳህኑን ስታስቀምጥ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ወረቀት ነበር፤ «ናዝራዊት» ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ከሥሩ «3» አለው። ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ያን ያህል ደስ ያለኝ ለምን ይመስልሻል? የለመነችኝ አንቺ መሆንሽን አውቄ ነዋ። ባወቅኩ ጊዜ ልነግርሽ ነበር፤ ከነገርኩሽ ታቆሚብኛለሽ ብዬ ሰጋሁ።

ነገ ቤልሙሌት እንገባለን። አንድ የጾም ቀን ቀርቷል። እሱን እንዴት ላድርገው ልጄ? ስለት እኮ ነው። እፈራለሁ።

እናትሽ

*

አውሮራ
ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ የእኔ እናት፣

ደብዳቤሽን ፓርክ ባደረግኩት መኪና ውስጥ አነበብኩት። ባቡሩ አለፈኝ። የሚቀጥለውም አለፈኝ። ሥራ ደውዬ አልመጣም አልኩና ቀጥታ ወደ አባ ሄድኩ፤ ቅዳሴ ላይ ነበሩ፣ እስኪጨርሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው፤ ሳታስፈቅጂኝ እንዳትይኝ። ሰምተው ሲጨርሱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው «አይ ፀሐይነሽ!» አሉ። ቀጥለው «እመቤታችን እናት ናት፤ ልጅ አድና እናት የምትወስድ አይደለችም። ስለቱ በማን ነበር?» አሉኝ። በእኔ አልኳቸው። «እንግዲያስ የተሳሉላት ደህና ናት፣ ጉልበት አላት፤ እሷ ትፈጽመው። እሳቸው እንዲበሉ አዝዣለሁ በያቸው» አሉ። ቃል በቃል ነው የጻፍኩልሽ።

ስለዚህ ነገን እኔ እጾማለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውሃ ሳልቀምስ። የሚመጡትን አራት ፍልሰታዎችም። እስከ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሽሮ እየበላሁ ነው ስጾም የኖርኩት፤ ትንሽ ቢርበኝ አይጎዳኝም። በአንድ ሆድ ተሸክመሽኛል፤ አሁን ሆድ ልቀይርሽ።

አንቺ ግን ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ትበያለሽ። ቤልሙሌት ወደብ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አለች፤ ደውያለሁ። ሴትዮዋ ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ በጣም ትስቃለች። ምስር ሾርባ ያለ ክሬም ትሠራለች። የለመድሽውን ነግሬያታለሁ፤ ሦስት ጊዜ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይኼን ማስፈራራት ነው በይው። በላሁ ብለሽ እስክትጽፊልኝ ድረስ እኔ ዘጠኝ ሰዓትም ሆነ አስራ ሁለት አልቀምስም። እንደማደርገው ታውቂያለሽ። ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ ሚስ ኖራን ጠይቂያት።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይልኝ፤ ስለ ማርማላታው።

ናዚ

*

ቤልሙሌት
ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ይኼን ወንበሩ ላይ እንዳለሁ ነው የምጽፍልሽ። አንቺ ገና አልነቃሽም፤ ስትነቂ ታገኚዋለሽ።

ጠዋት ሚስ ኖራ የአያቷን ቤት አየች። ጣራ የለውም፣ ግድግዳው ብቻ ነው የቀረው። ነካችው፤ «በቃ፣ አሁን ራበኝ» አለች። መጣን። ሴትዮዋ ከበሩ ጀምራ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። አውቃኛለች። ሚስ ኖራን አስቀምጬ እኔም ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ስድስት ነው። ሦስት ዓመት፣ ከቅዳሜና እሑድ በቀር፣ በዚህ ሰዓት በፍልሰታ እህል አፌ ገብቶ አያውቅም። አንቺን አሰብኩ፣ እዚያ ባዶ ሆድሽን ሥራ ልትሄጂ።

ሴትዮዋ መጣችና ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ልክ ለጠብ እንደምትዘጋጅ ሰው፣ «የምስር ሾርባ አለኝ፤ ትበያለሽ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ኪሷን ነካካች፤ ወረቀቷ እዚያ ነበር መሰለኝ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ይዛ ነበር የመጣችው፣ የምታደርገው ጠፋት። ወደ ሚስ ኖራ ዞረች፣ ወደ እኔ ተመለሰች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

ሚስ ኖራ እስኪያስላት ሳቀች። እኔ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ልመና ምግብ ተቀበልኩ። ነውር መስሎኝ ነበር፤ ምንም አላለኝም፤ ሾርባው ሞቀኝ። ቁጥሩን ኋላ ለክቼ እልክልሻለሁ።

ሳህኔ ባዶ ነው ናዚዬ። አንቺም ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላልሽ፣ ማንም ሳይለምንሽ ብዪ።

እናትሽ ፀሐይነሽ